ቪዲዮ ብላክጃክ ፊት ከመቀመጣችሁ በፊት ሕጉን እንዴት ታነባላችሁ?

ላስ ቬጋስ ብዙ ሐበሻ ይኖራል። ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ካሲኖ ውስጥ የሚሠራም አለ። ከሌላ ከተማ ዘመድ ሲመጣ ደግሞ ስትሪፑን (ካሲኖዎቹ የተደረደሩበትን ጎዳና) ማዞር ያለ ነው። እንግዳው «ብላክጃክ» የሚል ስክሪን ሲያይ «ይሄንንስ አውቀዋለሁ» ብሎ ቁጭ ይላል። ቪዲዮ ብላክጃክ በስክሪን የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ ነው፤ ከ21 ሳታልፉ ከዲለሩ (ካሲኖውን ወክሎ ከሚጫወተው፣ እዚህ ማሽኑ ራሱ) የበለጠ ድምር መያዝ ነው። ስሙ አንድ ነው። ጨዋታው ግን ከማሽን ማሽን ይለያያል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ብዙ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው አንድ መስመር ሳያነብ ቀርቶ ነው።

1. ብር ሳታስገቡ ሕጉን ክፈቱ

ስክሪኑ ላይ «ሄልፕ» ወይም «ሩልስ» የሚል ቁልፍ ፈልጉ። አንዳንዱ ማሽን ሕጉን ፊቱ ላይ ይጽፈዋል። ካጣችሁት ሌላ ማሽን ሂዱ።

2. ብላክጃክ ስንት ይከፍላል?

ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ብላክጃክ ማለት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች ኤስ (1 ወይም 11 የሚቆጠረው) እና ባለ 10 (10፣ ጃክ፣ ኩዊን ወይም ኪንግ) ሲሆኑ ነው። በ21 ዙር አንዴ ገደማ ይመጣል። ጥሩው ሕግ 3 ለ 2 ይከፍላል፤ 10 ዶላር አስይዛችሁ 15 ታገኛላችሁ። 6 ለ 5 የሚለው 12 ብቻ ይሰጣል። 1 ለ 1 የሚሉም አሉ፤ እነሱ 10 ነው የሚሰጡት።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እስቲ እናስላው። በ1,000 ዙር ውስጥ ዲለሩም ብላክጃክ የሚያወጣበትን ስንቀንስ 45 ያህል ብላክጃክ ይከፈላችኋል። በ6 ለ 5 ማሽን በእያንዳንዱ 3 ዶላር ይቀርባችኋል፤ ተደምሮ 135 ዶላር ነው። በ1 ለ 1 ደግሞ 225 ዶላር። በመቶኛ ሲሰላ፣ 6 ለ 5 የቤቱን ብልጫ (ካሲኖው ከውርርዳችሁ በአማካይ የሚያስቀረውን ድርሻ) በ1.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ይህን ያህል ክፍተት በጥሩ አጨዋወት አይሞላም።

በተለይ «አንድ ጥቅል ካርታ ብቻ» የሚል ማስታወቂያ አያታልላችሁ። የጥቅል ቁጥር ማነሱ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ከስምንት ጥቅል ጋር ሲነጻጸር በግማሽ በመቶ ገደማ ይሻላል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ አብሮት 6 ለ 5 ይመጣል። በአንድ እጅ የሰጣችሁን በሌላው እጅ እጥፍ አድርጎ ይወስደዋል።

3. የምታስይዙት ልክ ከክፍያው ጋር ይግጠም

በጠረጴዛ ላይ ብዙም የማያጋጥም፣ የማሽን ችግር ነው። አንዳንድ ማሽን ግማሽ ክሬዲት መክፈል አይችልም። 1 ክሬዲት አስይዛችሁ ብላክጃክ ከወጣላችሁ 1.5 መሆን የነበረበት 1 ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ 3 ለ 2 ከሆነ ሙሉ ለሙሉ ለ2 የሚካፈል ቁጥር አስይዙ። 6 ለ 5 ላይ ለመቀመጥ ከወሰናችሁ ደግሞ 5፣ 10፣ 15 አስይዙ።

4. ዲለሩ ኤስ ባለበት 17 ላይ ይቆማል ወይስ ይጨምራል?

ኤስ እና 6 ማለት 17 ነው፤ ኤሷ 1 መሆንም ስለምትችል 7ም ነው። ዲለሩ እዚህ ላይ ካርታ ከጨመረ ብልጫው በ0.2 በመቶ ገደማ ያድጋል። የእናንተም አጨዋወት ትንሽ ይቀየራል። ጥቅሉ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ዲለሩ ኤስ አሳይቶ እናንተ 11 ከያዛችሁ፣ በሚጨምረው ማሽን ደብል አድርጉ (ውርርዱን አጥፋችሁ አንድ ካርታ ብቻ ውሰዱ)፤ በሚቆመው ላይ ካርታ መጨመር ብቻ። ኤስ እና 7 ይዛችሁ ዲለሩ 2 ካሳየም፣ በሚጨምረው ላይ ደብል ነው፣ በሚቆመው ላይ ግን ቁሙ።

5. ደብልና ስፕሊት

ስፕሊት (ጥንድ ካርታን ለሁለት እጅ መለየት) ካደረጋችሁ በኋላ ደብል ይፈቀዳል? ከተፈቀደ ዲለሩ 2 ወይም 3 ሲያሳይ ጥንድ 2 እና ጥንድ 3 ስፕሊት ይደረጋሉ። ካልተፈቀደ አይደረጉም። ጥንድ 4ም እንደዚሁ፤ ስፕሊት የሚደረገው በዚህ ፈቃድ ዲለሩ 5 ወይም 6 ሲያሳይ ብቻ ነው።

ደብል በ10 እና በ11 ብቻ የሚል ማሽን 0.2 በመቶ ገደማ ይወስድባችኋል።

ዲለሩ ሁለተኛ ካርታውን የሚያወጣው እናንተ ከጨረሳችሁ በኋላ የሆነበት ሕግም አለ። እንግዲህ ዲለሩ ብላክጃክ ካወጣ ደብልና ስፕሊት ያደረጋችሁት ጭምር ይሄዳል። በዚህ ማሽን ዲለሩ 10 ወይም ኤስ ካሳየ 11ን ደብል አታድርጉ፣ ጥንድ 8ንም ስፕሊት አታድርጉ።

አንዳንዱ «ሰንጠረዡን በቃሌ ይዣለሁ» ይላል፤ መቼ መቆም፣ መቼ መጨመር እንደሚሻል የሚያሳየውን ማለቱ ነው። ሰንጠረዡ ግን ያለ ሕጉ ባዶ ነው። በ1956 እ.ኤ.አ. አራት የአሜሪካ ወታደሮች በጠረጴዛ ካልኩሌተር አስልተው የመጀመሪያውን ትክክለኛ አጨዋወት ሲያሳትሙ፣ ያሰሉት ለአንድ ዓይነት ሕግ ነበር። ሕጉ ሲለወጥ መልሱም ይለወጣል። የማይለወጠው ዋናው ነው፦ ኤስን 11 ሳትቆጥሩ ከ13 እስከ 16 ከያዛችሁ፣ ዲለሩ ከ2 እስከ 6 ሲያሳይ ቁሙ፤ 7 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ጨምሩ።

6. ኢንሹራንስ፣ አትግዙ

ኢንሹራንስ ዲለሩ ኤስ ሲያሳይ፣ ብላክጃክ ይኖረዋል ብላችሁ የምትጨምሩት ሌላ ውርርድ ነው። ከ13 ዓይነት ካርታ ባለ 10 የሆኑት 4 ናቸው። 2 ለ 1 የሚከፍል ውርርድ እኩል እንዲወጣ ግን ከ3 አንዱ መሆን ነበረበት።

7. ካርታ መቁጠርን እርሱት፣ ፍጥነቱን ቁጠሩ

በኔቫዳ ሕግ ካርታ የሚያሳይ ማሽን እያንዳንዱን ካርታ እንደ እውነተኛ ጥቅል በእኩል ዕድል ማውጣት አለበት። ስለዚህ ከላይ ያለው ስሌት ይሠራል። ነገር ግን ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ በአዲስ ይበውዛል፤ ያለፈውን ማስታወስ አይጠቅምም። በትክክል ብትጫወቱም የቤቱ ብልጫ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ማሽን ደግሞ ቺፕ አይቆጥርም፣ ጎረቤት አይጠብቅም። በሰዓት 400 ዙር በ5 ዶላር ተጫወታችሁ እንበል፤ የተወራረደው 2,000 ዶላር ነው። ባለ ስድስት ጥቅል፣ 3 ለ 2፣ ዲለሩ 17 ላይ የሚቆምበት፣ ከስፕሊት በኋላ ደብል የሚፈቅድ ማሽን ብልጫው 0.4 በመቶ ገደማ ነው፤ በአማካይ በሰዓት 8 ዶላር ይወስዳል። ጎኑ ያለው፣ 6 ለ 5 የሚከፍልና ኤስ ባለበት 17 ላይ የሚጨምረው ግን 2 በመቶ ገደማ ነው። እሱ 40 ዶላር ይወስዳል።