ስለ ቢራቢሮ አንጎልና ጂኖም ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ቢራቢሮ ሲባል ሁላችንም ቶሎ የሚታየን ክንፏ ነው። ስለ ጭንቅላቷ የሚጨነቅ ብዙ ሰው የለም። በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ሞቃታማ ደኖች የሚኖሩት ሄሊኮኒየስ የተባሉት ቢራቢሮዎች ግን ተመራማሪዎችን ከክንፍ ወደ አንጎል፣ ከአንጎል ወደ ጂን ጎትተዋቸዋል። ስለነሱ የሚወራው በበዛ ቁጥር ስህተቱም አብሮ በዝቷል።

«ነገ ለምትሞት ቢራቢሮ ትውስታ ምን ያደርግላታል?»

ነገ አትሞትም። የብዙ ቢራቢሮዎች ዕድሜ በሳምንታት የሚቆጠር መሆኑ እውነት ነው። ሄሊኮኒየስ ግን ክንፍ ካወጣች በኋላ እስከ ስድስት ወር ልትኖር ትችላለች። ሚስጥሩ ያለው ምግቧ ላይ ነው። ሌሎቹ የአበባ ወለላ መጥጠው ሲሄዱ፣ እሷ የአበባ ዱቄትም ትመገባለች።

አበላሏን ቀረብ ብሎ ላየው ያስገርማል። ዱቄቱ መምጠጫ ቱቦዋ ላይ፣ ወደ ጭንቅላቷ ጠጋ ብሎ፣ ቢጫ ጓል ሆኖ ይለጠፋል። ምራቋን ታፈስበታለች። ቱቦዋን ትጠቀልላለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ትጠቀልላለች። ሊጥ የምታሽ ነው የምትመስለው፤ እንዲህ ስታደርግ ሰዓታት ያልፋሉ። ከዱቄቱ የሚወጣውን አሚኖ አሲድ ትመጠዋለች። ለረጅም ዕድሜዋም ሆነ ለዕንቁላሎቿ ስንቅ የሚሆናት ይኸው ነው።

ዱቄቱ የሚገኝባቸው ከዱባ ቤተሰብ የሆኑ የዱር ሐረጎች ግን ደኑ ውስጥ ተራርቀው ነው የሚበቅሉት። ስለዚህ ቦታቸውን ታጠናለች። በየቀኑ ያንኑ መስመር ይዛ ትዞራቸዋለች። ሲመሽ ደግሞ ከሌሎች ጋር ወደለመደችው ማደሪያ ትመለሳለች። ይህ ያለ ትውስታ እንዴት ይሆናል?

«አንጎሏ ትልቅ ነው» ብሎ ማለፍ

መጠየቅ ያለበት የትኛው ክፍል አደገ የሚለው ነው። ነፍሳት አንጎላቸው ውስጥ ለመማርና ለማስታወስ የሚያገለግል እንጉዳይ መሰል ክፍል አላቸው። ፈረንሳዊው ፌሊክስ ዱዣርዳን እ.ኤ.አ. በ1850 ገልጾታል። በሄሊኮኒየስ ይህ ክፍል ከቅርብ ዘመዶቿ ጋር ሲነጻጸር ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሌላው የአንጎሏ ክፍል በዚህ ልክ አላደገም። እዚያ የሚደርሰው መረጃም በብዛት ከዓይን የሚመጣ ነው።

ከድራያስ ዩሊያ፣ ማለትም ዱቄት ከማትበላው ዘመዷ ጋር ስትፈተንም ልዩነቱ ይታያል። ሄሊኮኒየስ የተማረችውን ቀለም ረዘም ላለ ጊዜ ታስታውሳለች። ምግብ የሚገኘው ሁለት ቀለሞች አብረው ሲታዩ ብቻ የሆነበትን ፈተናም በተሻለ ታልፋለች።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «ዱቄት መብላት ጀመረች፣ ስለዚህ አንጎሏ አደገ» ማለት ይቀናናል። አሳማኝ ነው፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ግን ሁለቱም የታዩት በዚሁ በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ነው። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው ለማለት አብሮ መታየት ብቻውን አይበቃም።

ትልቅ ሁሉ ይሻላል ማለትም አያዋጣም። ከሄሊኮኒየስ ዝርያዎች ሁለቱን እንይ፦ ፓናማ ውስጥ ሄሊኮኒየስ ሲድኖ በጥቅጥቅ ደን ጥላ ሥር ትኖራለች፣ ሄሊኮኒየስ ሜልፖሜኔ ደግሞ ገላጣ ቦታና የደን ዳርቻ ላይ። ለማየት የሚያገለግለው የአንጎል ክፍል ጠለቅ ባለው ደን በምትኖረው በሲድኖ ይበልጣል። ነርቭ ጉልበት በላተኛ ነው። ለማያስፈልግ ቦታ ሲከፈል አይኖርም።

በክንፍ ዝምድናን መቁጠር

ሄሊኮኒየስ ኢራቶና ሜልፖሜኔ ብዙ ቦታ ላይ ቁርጥ አንድ ናቸው። አገር ሲቀየር የሁለቱም ክንፍ አብሮ ይቀየራል። የዘር ግንዳቸው ግን የተለያየው ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው ፍሪትዝ ሙለር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ምክንያቱን አስረድቷል፦ ሁለቱም መርዛማ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ምልክት ከያዙ ወፎች አንዴ ቀምሰው ሁለቱንም ይተዋሉ። ማንም ማንን አስቦ አልቀዳም። የሚገርመው ቀዩን ቀለም በሁለቱም ላይ የሚያወጣው ያው ኦፕቲክስ የሚባል ጂን መሆኑ ነው።

«ዝርያዎች አንዴ ከተለያዩ አበቃ»

አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 የሜልፖሜኔ ጂኖም፣ ማለትም ጠቅላላ የዘር መረጃዋ፣ ተነቦ ሲታተም፣ የክንፍ ቀለም ጂኖች በማዳቀል ከዝርያ ወደ ዝርያ መሻገራቸው ታየ። የሄሊኮኒየስ ኤሌቫተስ ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ይህች ዝርያ ከ180,000 ዓመት ገደማ በፊት ከሄሊኮኒየስ ፓርዳሊነስና ከሜልፖሜኔ መዳቀል የተገኘች ናት። ከሜልፖሜኔ የወረሰችው የጂኖሟን 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ይህቺ ጥቂት ድርሻ ግን የክንፍ ቀለሟን፣ የክንፍ ቅርጿንና የጓደኛ ምርጫዋን የሚነኩ ቦታዎችን ይዛለች። ድቅል ሲባል እኩል በእኩል የሚመስለን ካለን እዚህ ላይ ተሳስተናል።

«የፍቅር ጂን ተገኘ»

ይህ ለርዕስ ይመቻል፣ ለእውነት ግን አይመችም። የሜልፖሜኔና የሌላዋ ዝርያ የሄሊኮኒየስ ቲማሬታ ወንዶች ቀይ ክንፍ ያላቸውን ሴቶች ይመርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣ ጥናት፣ ይህ ምርጫ ሬጉካልሲን1 ከሚባል ጂን ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ሁለቱ ዝርያዎች ያንን የጂኖም ክፍል የተካፈሉትም በመዳቀል ነው። ጂኑ ክሪስፐር በሚባለው ጂን መቁረጫ ዘዴ ሲበላሽ ወንዶቹ የራሳቸውን ዝርያ ሴት ማሽኮርመም ይቀንሳሉ።

ስለዚህ ጂኑ ሚና አለው፣ ይህ አያከራክርም። ብቻውን ግን አይደለም። ቀደም ብሎ በሜልፖሜኔና በሲድኖ ድቅሎች ላይ በተሠራ ጥናት ከምርጫ ጋር የተያያዙ ሦስት የጂኖም ቦታዎች ተገኝተዋል። ከሦስቱ አንዱ ከኦፕቲክስ አጠገብ፣ 18ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ ሬጉካልሲን1 ያለውም እዚያው ነው። በዚህ ጉርብትና የተነሳ ቀዩ ቀለምና ቀይ የመውደድ ዝንባሌ አብረው ይወረሳሉ፤ ዝርያዎቹ ሲዳቀሉም በቀላሉ አይነጣጠሉም።