የመሪ ራክን ፈትቶ መልሶ መግጠም

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ በጣርማ በር ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መኪና መሪው ለአፍታ ቢስት የሚያርፍበት ሜዳ የለም። ስለዚህ የመሪውን ራክ፣ ማለትም የመሪውን መዞር ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚያደርሰውን ጥርሳም ዕቃ፣ የመፍታትና የመግጠም ሥራ የመኪናው የጥገና መጽሐፍ አጠገብዎ ሳይኖርና በቂ ጊዜ ሳይመድቡ አይጀምሩ።

መኪናውን ደልዳላ ቦታ አቁመው የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ ፊቱን በክሪክ አንስተው በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉ፣ የፊት ጎማዎቹን ያውልቁ። በክሪክ ብቻ ወይም በተደራረበ ድንጋይ የቆመ መኪና ሥር ፈጽሞ አይግቡ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ነቅለው ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ።

ከባዱ ነገር ከዚህ ይጀምራል። መሪውን በትክክል መሃል ላይ አምጥተው ከመቀመጫው ጋር በገመድ ጥብቅ አድርገው ይሰሩት። ቁልፉን ነቅሎ መሪው እንዲቆለፍ መተው በቂ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚቆለፈው ከመሃል ፈንጠር ብሎ ስለሆነ እኔ አልተማመንበትም። ኤርባግ ባለው መኪና ከመሪው ሥር እንደ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ ስስ ገመድ አለ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረውም የተወሰነ ዙር ብቻ ነው።

እኔ መጀመሪያ ስሠራ መሪውን አላሰርሁትም ነበር። ከሥር ሆኜ መሪውን ከራኩ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ እንዳላቀቅሁ ረዳቴ ወደ ጋቢና ሲወጣ መሪውን ተደገፈ፣ መሪውም ተሽከረከረ። ስንት ዙር እንደዞረ ሁለታችንም ስላላወቅን በግምት መልሰን ገጠምነው። መኪናው ከግቢ ወጥቶ እስከ ጥግ እንደታጠፈ ገመዱ ተበጠሰ፤ የኤርባጉ መብራት በራ፣ ጡሩምባውም ዝም አለ።

ዘንጉና የራኩ ጥርሳም ጫፍ በሚጋጠሙበት ቦታ ሁለቱንም የሚያቋርጥ ቀጭን መስመር በነጭ ቀለም ያስምሩ፤ ጠመኔ ዘይት ሲነካው ይጠፋል። የማያያዣው ብሎን በጫፉ ላይ ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚያልፍ ማላላት አይበቃም፣ ጨርሶ መውጣት አለበት።

ታይሮዶቹን፣ ማለትም ራኩን ከፊት ጎማዎቹ ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎች፣ በመንቀያ ያላቅቁ። ሹካ መሰሉ መሣሪያ ጎሚኒውን ስለሚቀድ አልመክረውም። ከዚያ ዕቃ ደቅነው የዘይት ቱቦዎቹን ይፍቱ፣ አፋቸውን በፕላስቲክ ይሸፍኑ፣ ራኩን የያዙትን ብሎኖች አውጥተው ወደ ጎን ይሳቡት።

አዲሱን ራክ ከመግጠምዎ በፊት ከጥግ እስከ ጥግ አዙረው ዙሩን ይቁጠሩና ግማሹን ይመልሱ፤ 3 ዙር ከሆነ መሃሉ 1 ዙር ተኩል ላይ ነው። ታይሮዶቹም በአሮጌው ላይ በነበሩበት የጥርስ ቁጥር ይግቡ። የታይሮዱ ዳዶ መቆለፊያ ሽቦና የቱቦዎቹ ቀለበቶች አዲስ ይሁኑ። ብሎኖቹን መጽሐፉ በሚያዝዘው ልክ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ (ቶርክ መፍቻ) ያጥብቁ፤ በክንድ መገመት እዚህ ላይ አይፈቀድም።

ዘይት ሞልተው፣ ሞተሩ ሳይነሳና የፊት ጎማዎቹ ከመሬት እንደተነሱ፣ አረፋው እስኪያልቅ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለው ያመላልሱት። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው ይድገሙት፤ ጥግ ላይ ግን ከ5 ሰከንድ በላይ አይያዙት፣ ፓምፑ ይጎዳል።

አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ) ካስተካከሉ በኋላ በከተማው ሜዳ መንገድ ቀስ ብለው ይንዱት። ሲመለሱ ከሥር ገብተው የዘይት ፍሳሽ መኖሩን ይመልከቱ፣ የዘንጉን ብሎንም በመፍቻ ይፈትሹ። ይህን ሳይጨርሱ ወደ ጣርማ በር አይውጡ።