አማካሪው ለምን ቀረ? ተማሪና አማካሪ የሚያገናኝ አፕ ላይ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ጎንደር ላይ ሥዕል፣ ሙዚቃ ወይም ዲዛይን የሚሞክሩ ተማሪዎችን ከአማካሪ ጋር የሚያገናኝ አፕ ሲሠራ፣ ቀድመው የሚመጡት ስሞታዎች «ቀረብኝ»፣ «አይመልስም»፣ «ማንንም አላገኘሁም» የሚሉ ናቸው። ሰው ከመውቀሳችሁ በፊት ሎጉን (አፑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ክፈቱ።

ቀጠሮ ተይዞ አንዱ ይቀራል

ማራኪ ሰፈር ያለች ተማሪ ከአማካሪዋ ጋር ፒያሳ ለመገናኘት 3:00 ትመርጣለች፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው። መምረጫው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ 03:00 ብሎ ይመዘግባል። የአማካሪው ስልክ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይጮሃል፤ አጥፍቶት ይተኛል። ጠዋት እሷ ቆማ ትጠብቃለች።

ከሰዓቱ በፊት «ጠዋት»፣ «ከሰዓት»፣ «ማታ» የሚሉ ቁልፎች አስቀምጡ። ዳታቤዝ የሚገባው በዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት፣ ከኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ያለ) ብቻ ይሁን፦ የኛ ጠዋት 3:00 በፈረንጅ 9:00፣ በዩቲሲ 06:00 ነው። ማረጋገጫው ላይ የኛንም የፈረንጁንም ሰዓት አሳዩ። ዋሽንግተን ያለ አማካሪ ካላችሁ ልዩነቱን ቋሚ ቁጥር አድርጋችሁ ኮድ ውስጥ አትጻፉ፤ በነሱ ክረምት 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን 20 ይሆናል። ቀን መለወጫችሁን በጳጉሜ 5፣ በጳጉሜ 6 እና በመስከረም 1 ሳትፈትኑ አትልቀቁ። ጥር 10 እና 11ንም ለጎንደር ቀጠሮ ዝጉ፤ ታቦት አጅቦ ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ የሚወርድ ሰው የማንንም ሥራ አያይም።

ፍለጋው ባዶ ይመልሳል

አማካሪው «ሠዓሊ፣ ጐንደር» ብሎ ተመዝግቧል፤ ተማሪው «ሰአሊ ጎንደር» ብሎ ይፈልጋል። ለኮምፒውተር እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ዓምድ ክፈቱና ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባቱ ቤታቸው ለውጡ። ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ፣ ጐን ወደ ጎ፣ ኰን ወደ ኮ። ተማሪው የሚጽፈውም በዚያው ወንፊት ይለፍ። ስክሪን ላይ የሚታየው ግን ባለቤቱ እንደጻፈው ይቆይ፤ የሰው ስም አይታረምም።

ጥያቄው መልስ አያገኝም

መጀመሪያ ማሳወቂያው መድረሱን እዩ። አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ ላይ ተጠቃሚው ካልፈቀደ ማሳወቂያ አይታይም፤ ፈቃዱን አፑ እንደተከፈተ ሳይሆን የመጀመሪያው ጥያቄ ሲላክ ጠይቁ። ባትሪ ቆጣቢው አፑን የሚዘጋበት ስልክም ብዙ ነው፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተከፈተ ኤስኤምኤስ ይከተል። በግዕዝ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ የሚይዘው 70 ምልክት ነው፤ 71 ሲሆን የሁለት ይከፈላል።

ደርሶ ዝም ከተባለ ዝርዝሩን ተመልከቱ። በፊደል ተራ ከተደረደረ ስማቸው በሀ እና በለ የሚጀምር አማካሪዎች በጥያቄ ይጥለቀለቃሉ፤ የዘውዲቱን በር የሚያንኳኳ የለም። ባዶ ቦታ ያለውን አስቀድሙ፣ ለአንድ አማካሪ ከ3 ተማሪ አትለፉ፣ በ72 ሰዓት ያልተመለሰ ጥያቄ ለሌላ ይዙር። «ሰላም፣ እርዱኝ» ብቻ የሚል ጥያቄም አይለፍ፤ አንድ ሥራና አንድ ጥያቄ ግዴታ ይሁን።

ሥዕሉ አልጫን ይላል

5 ሜጋባይት ፎቶ 90 በመቶ ደርሶ ኔትወርክ ሲቋረጥ ከዜሮ ይጀምራል፤ የካርዱ ሂሳብ ያልቃል። ስልኩ ላይ እያለ ረጅሙን ጎን ወደ 1600 ፒክስል አውርዱ፣ በጄፔግ (የፎቶ ፋይል ዓይነት) ጥራቱን 80 አድርጉ፣ ከዚያ በ256 ኪሎባይት ቁራጭ ላኩና ከቆመበት ይቀጥል። ፎቶው የተነሳበትን ቦታ የሚናገረውን መረጃ አጥፉ፤ የተማሪዋን ቤት ያሳያል። ከማጥፋታችሁ በፊት ግን ምስሉን አቅኑት፤ አቅጣጫውም እዚያው ተጽፏልና ሥዕሉ ተጋድሞ ይቀራል።

«ጥያቄዎን ተቀብሏል»

አፑ ለተማሪው እንዲህ ብሎ ይጽፋል፤ አማካሪዋ ግን ሴት ናት። «ተቀብለዋል» በሉ፤ ለሁለቱም ይሆናል፣ አክብሮትም አለው።