ያገለገለ ውድ የሲዲ ማጫወቻ ሲገዙና ሲያስጠግኑ

ያገለገለ ውድ የሲዲ ማጫወቻ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ፊቱ ላይ ከተጻፈው ስም በፊት የሌዘር ማንበቢያውን ሞዴል ቢያጣራ ይሻለዋል። ስመ ጥር ከሆኑት አምራቾች ብዙዎቹ ይህን ክፍል ከፊሊፕስ ወይም ከሶኒ እየገዙ በሚያምር የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ይገጥሙት ስለነበር፣ ማጫወቻው ሲበላሽ መጠገን አለመጠገኑን በአብዛኛው የሚወስነው የማንበቢያው መለዋወጫ መገኘቱ ነው። የሶኒ ኬኤስኤስ-213 ምትክ፣ ጥራቱ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ በርካሽ ይገኛል። ሌንሱን በሚወዛወዝ ክንድ ተሸክሞ የሚያነበው የፊሊፕስ ሲዲኤም-1 እጅግ ጠንካራ ቢሆንም ምርቱ ከቆመ ቆይቷልና፣ ምትክ የሚፈልግ ሰው ሌላ አሮጌ ማጫወቻ ማፍረስ ሊኖርበት ይችላል።

ለሙከራ የራስዎን ሲዲዎች ይዘው ይሂዱ። ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሆነ፣ ከ70 ደቂቃ በላይ የሚረዝም ሲዲ መርጠው ከመጀመሪያው ዘፈን በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይዝለሉ፤ በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲም ይጨምሩ፣ ብርሃን የሚመልሰው በፋብሪካ ከታተመው ያነሰ በመሆኑ የደከመን ሌዘር ያጋልጣልና። ሻጩ ቢቸኩልም ማጫወቻው እስኪሞቅ ድረስ ይታገሡ፤ አንዳንዱ ብልሽት የሚታየው ከሞቀ በኋላ ነው። ኤስኤሲዲ (ከተራው ሲዲ የላቀ የድምፅ ጥራት ያለው የዲስክ ዓይነት) የሚያጫውት ከሆነ ደግሞ በሁለቱም የዲስክ ዓይነቶች ይፈትኑት፤ ለሲዲ 780፣ ለኤስኤሲዲ 650 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን ስለሚያስፈልግ አንዱን እያነበበ ሌላውን እምቢ ሊል ይችላል።

ማንበብ ያቃተው ማጫወቻ ሁሉ ሌዘሩ ሞቷል ማለት አይደለም። ከታች ያለው፣ ሲጓጓዝ ማንበቢያው እንዳይንቀሳቀስ የሚያስረው የማጓጓዣ ብሎን ሳይፈታ ቀርቶ እንደሆነ በመጀመሪያ ይታይ፤ ቀጥሎ ሌንሱ በአይሶፕሮፒል አልኮል በቀስታ ይጠረግ፣ ማንበቢያው የሚንሸራተትበት ሐዲድ የደረቀ ቅባት ይታደስ፣ የላላው የመሳቢያ ቀበቶ ይለወጥ፣ ያበጡ ካፓሲተሮችም (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹት ትንንሽ ክፍሎች) ይተኩ። የሌዘሩን ኃይል የምታስተካክለውን ትንሽ ብሎን እያዞረ «ሠራልህ» የሚል ጠጋኝ ግን አይመከርም፤ ሌዘሩ ለጊዜው ቢያነብም ዕድሜው ያጥራል። አዲስ ማንበቢያ ሲገጠም ከስታቲክ ኤሌክትሪክ የሚከላከለው የብየዳ ጠብታ ካለ፣ ሪባን ገመዱ ከተሰካ በኋላ መነሣት አለበት፤ ከተረሳ አዲሱም ማንበቢያ አይሠራም።

ከጃፓን የመጣ ማጫወቻ ለ100፣ ከአሜሪካ የመጣው ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ስለሚችል፣ የጀርባውን ጽሑፍ ሳያነቡ በአገራችን 220 ቮልት ላይ አይሰኩት።