ከጡት ቀዶ ጥገና በኋላ ጠባሳሽን እንዴት ትፈትሺያለሽ?

«ጡቱ ከወጣ ካንሰሩ የት ይመለሳል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ሊመለስ ይችላል። ጡት ሙሉ በሙሉ ቢወጣም የቀሩ ጥቂት የካንሰር ሕዋሳት ጠባሳው ላይ ወይም አጠገቡ ካለው ቆዳ ሥር ሊያድጉ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው፣ ዘግይቶም ግን ይመጣል። ስለዚህ እህቴ፣ ጠባሳሽን እጅሽ ይልመደው።

በወር አንዴ ይበቃል። የወር አበባ የምታዪ ከሆነ ካበቃ ከጥቂት ቀን በኋላ አድርጊው። መጀመሪያ መስታወት ፊት ቆመሽ እጅሽን አውርደሽም አንስተሽም እዪው። ከዚያ ጋደም ብለሽ ወይም ገላሽን ስትታጠቢ በሳሙና፣ በ3ቱ መሐል ጣቶችሽ ለስላሳ ክፍል፣ ጠባሳውን ከዳር እስከ ዳር በትንንሽ ክብ እየዳሰስሽ ሂጂ፤ መጀመሪያ ላላ፣ ቀጥሎ ጫን አድርገሽ። ደረትሽን፣ ብብትሽን፣ የአንገትሽን ሥርና ሌላኛውን ጡትሽንም አትርሺ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠባሳው ቢጠነክር ወይም ቢያሳክክ አትደንግጪ። እየቆየ ይለሰልሳል። እኛ ጠቆር ያልን ሰዎች ላይ ደግሞ ኬሎይድ (ከልክ በላይ ያደገ ጠባሳ) ይበዛል፤ ያብጣል፣ ያሳክካል፣ ካንሰር ግን አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ አዲስ የወጣውን ሁሉ «ኬሎይድ ነው» ብሎ መተው ነው።

ሽምብራ የምታህል ጠጣር ነገር፣ የማይድን ቁስል፣ የብብት እብጠት፣ የክንድ ማበጥ ወይም የማይጠፋ ሽፍታ ካየሽ ሐኪምሽ ጋ ሂጂ። በእኛ ቆዳ ላይ የሽፍታው መቅላት ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሕመም አትጠብቂ! ብዙ ጊዜ አያምም።

ስትሄጂ የድሮ የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ውጤትሽንና የሕክምና ወረቀቶችሽን ያዢ፣ ጡትሽን መቼ እንደታከምሽና ጨረር መውሰድ አለመውሰድሽንም ተናገሪ፤ ሐኪሙ ካላወቀ እንደ ተራ የቆዳ ችግር ሊያየው ይችላል። ቅባት ተሰጥቶሽ ካልጠፋ «ከቦታው ናሙና ተወስዶ ይመርመርልኝ» በይ። ከቀዶ ጥገና በኋላ የሞተ ስብም እንደ ዕጢ ይጠጥራል፣ በእጅ ዳስሶ ብቻ መለየት አይቻልም፤ ቁርጡን የሚናገረው ናሙናው ነው። ካንሰር ከሆነም እዚያው ቦታ ላይ ብቻ እያለ ከተደረሰበት ቆርጦ ማውጣት፣ ጨረርና መድኃኒት አለ።

ጠበል የምትሄጂ ከሆነ ሂጂ፣ ካንሰሩ እንዳይመለስ የታዘዘልሽን ታሞክሲፈን የሚባል ኪኒን ግን ሐኪም ሳያዝሽ አታቁሚ። የቀረው ጡትሽ በየዓመቱ ማሞግራም (የጡት ራጅ) ይነሳ፤ ደህና ነኝ ብለሽም ቀጠሮሽን አትዝለይ።