የዲቪዲ ራይተራችሁን ፍጥነት ስትለኩ እነዚህን አትሳሳቱ

ጥር ነበር። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምሠራበት ቪዲዮ ቤት የአንድ ሰርግ ዲቪዲ 30 ፍሬ ታዘዘን። ራይተሩ፣ ማለትም ዲስክ የሚጽፈው መሣሪያ ላይ፣ 16 ኤክስ የሚል የፍጥነት ቁጥር ተጽፏል። አንዱ 4 ደቂቃ ቢፈጅ 30ው በ2 ሰዓት ያልቃል ብዬ አሰብኩ። የሙሽራውን አጎት «9 ሰዓት ላይ ይምጡ» አልኳቸው። ከኮምቦልቻ ተነስተው የሐረጎን ዳገት ወጥተው በሰዓቱ ደረሱ። ያለቀው ግን 10 ብቻ ነበር። «ልጄ፣ መጀመሪያውኑ ነገ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። አልተቆጡም። እሱ ነው የከበደኝ።

ከዚያ ወዲህ ራይተር ሳልለካ ቀጠሮ አልሰጥም። አለካኩንም እየተሳሳትኩ ነው የተማርኩት። ዛሬም በየፎቶ ቤቱና በየኮምፒውተር ቤቱ የማየው ያንኑ ስህተት ነው።

የመጀመሪያው የተጻፈውን ቁጥር እንደ እውነተኛ ፍጥነት መውሰድ ነው። 16 ኤክስ ጣሪያው ነው። ጽሑፉ የሚጀምረው ከዲስኩ መሃል ነው፤ ከዚያ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። በ16 ኤክስ ሲጻፍ ሞተሩ ዲስኩን የሚያሽከረክረው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው። ስለዚህ መሃል ላይ በሌዘሩ ስር የሚያልፈው መስመር አጭር ነው፣ ጠርዝ ላይ ረጅም። መሃል ላይ ከ6 እስከ 7 ኤክስ ገደማ ይጀምርና 16 የሚደርሰው ሊያልቅ ሲል ነው። ሙሉ 4.7 ጊጋባይት ዲስክ በ16 ኤክስ ሳያቋርጥ ቢጻፍ 3 ደቂቃ ተኩል ይበቃው ነበር። በተግባር ግን 6 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

የሲዲን ኤክስ ከዲቪዲ ኤክስ ጋር ማምታታትም አለ። የሲዲ 1 ኤክስ በሰከንድ 150 ኪሎባይት ነው። የዲቪዲ 1 ኤክስ ወደ 1.385 ሜጋባይት ይደርሳል፣ ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። «የኔ እኮ 52 ኤክስ ነው» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ሲዲ ነው። እሱም በሰከንድ 7.8 ሜጋባይት ገደማ ነው። 8 ኤክስ የሆነ የላፕቶፕ ዲቪዲ ራይተር 11 ሜጋባይት ይጽፋል፤ ይበልጠዋል።

በትንሽ ፋይል መለካት ሌላው ነው። 200 ሜጋባይት ጽፋችሁ ሰዓት ብታዩ የለካችሁት መሃሉን ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ዲስኩን ለማዘጋጀትና በመጨረሻ ለመዝጋት የሚሄደው ጊዜ ይጨመራል። ፋይሉ ትንሽ ሲሆን ይህ ጊዜ ከጽሑፉ ጊዜ ይበልጣል። ዲስኩን እስከ አፉ ሙሉት። ለደንበኛ የምታደርሱት ሙሉ ዲስክ አይደል?

አሁን ብዙ ሰው ገንዘቡን ወደሚያባክንበት ስህተት ልምጣ። ፍጥነቱ ሲወርድ ወዲያው «ራይተሩ አለቀለት» ይባልና አዲስ ይገዛል። እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት በፈሩን እዩት። በፈር ማለት ዳታው ከመጻፉ በፊት የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። ወፍጮ ላይ እህሉ የሚገለበጥበትን ቋት አስቡ። ቋቱ ባዶ ከሆነ ድንጋዩ ቢሽከረከርም ዱቄት የለም። ኢምግበርን (ImgBurn) የሚባለው ነፃ የዲስክ መጻፊያ ፕሮግራም ሲጽፍ ከታች ሁለት መስመር ያሳያል። አንዱ የኮምፒውተሩ በፈር ነው፣ ሌላው የራይተሩ የራሱ።

የኮምፒውተሩ በፈር ከፍ ዝቅ ካለ ጥፋቱ ከምንጩ ነው። ከፍላሽ በቀጥታ እየጻፋችሁ ይሆናል። ወይም ሃርድ ዲስኩ በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፎቶዎችን እየለቀመ ነው። ወይም ጎን ለጎን ኮምፒውተሩ የተቆረጠ ቪዲዮ እያዘጋጀ (ሬንደር እያደረገ) ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ አይኤስኦ (ISO) ፋይል፣ ማለትም የዲስኩን ይዘት ሁሉ በአንድ ፋይል ሠርታችሁ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ፤ ከዚያ ጻፉ።

የኮምፒውተሩ በፈር ሞልቶ የራይተሩ ብቻ ከጎደለ ደግሞ መንገዱ ጠቧል። አሮጌ ዩኤስቢ 1.1 መሰኪያ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ይህ በተግባር የዲቪዲን 1 ኤክስ እንኳ አይሞላም። ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለባቸውና ራይተራቸው በሰፊው የአይዲኢ ገመድ የተሰካ ኮምፒውተሮች ሌላ ጣጣ አላቸው። ስህተት ሲደጋገም ሲስተሙ ራሱ ዲኤምኤ ከሚባለው ፈጣን የዳታ ማስተላለፊያ ፒአይኦ ወደሚባለው ቀርፋፋ ይወርዳል። ያኔ ጤነኛው ራይተር ያንቀራፍፋል። ኃይሉን ከዩኤስቢ ገመዱ የሚያገኘው ኤክስተርናል ራይተር ደግሞ ኃይል ሊያጥረው ይችላል፤ አንድ የዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። ባለ ሁለት አፍ ገመድ ካለው ሁለቱንም ሰኩ።

ሁለቱም በፈር ሞልተው ፍጥነቱ ከወረደ ብቻ ነው ወደ ራይተሩና ወደ ዲስኩ መሄድ ያለባችሁ።

«ዲስኩ እኮ አልተበላሸም፣ ስለዚህ በፈሩ ደህና ነው» የሚሉም አሉ። ድሮ በፈር ባዶ ሲሆን ዲስኩ በቃ ይጣል ነበር። ከ2000 ዓመተ ምሕረት አካባቢ ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የመጡ ራይተሮች ሌዘሩን አቁመው ይጠብቁና ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዲስኩ ይተርፋል። ደቂቃው ግን ይረዝማል፣ እናንተም ምክንያቱን አታውቁም።

በአንድ ባዶ ዲስክ ብቻ ፈትኖ መፍረድም ልክ አይደለም። ራይተሩ እያንዳንዱ ዲስክ ላይ ያለውን የአምራች ኮድ ያነባል። በፈርምዌሩ፣ ማለትም በራይተሩ ውስጥ ባለው ፕሮግራም፣ ካለው ዝርዝር ጋር አስተያይቶ በስንት እንደሚጽፍ ይወስናል። ኮዱን ካላወቀው 16 ኤክስ የተባለውን ዲስክ በ8 ወይም በ4 ብቻ ሊጽፈው ይችላል። አንድ ስም ያለባቸው ሁለት ማሸጊያዎች ውስጥ የተለያየ አምራች ዲስክ ይገኛል። 50 ፍሬ ያለው እሽግ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ፍሬ ገዝታችሁ ሞክሩ። ኢምግበርን ዲስኩ ሲገባ የተፈቀዱትን ፍጥነቶች በቀኝ በኩል ይዘረዝራል። እሱን ማየት ምንም አያስከፍልም።

ዲስክ ላለማባከን የሙከራ ጽሕፈት ማድረግ ጥሩ ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ሌዘሩ ኃይሉን ቀንሶ ይሄዳል እንጂ ምንም አይጽፍም። ግን ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ ለሲዲ አርና ለዲቪዲ ማይነስ አር (DVD-R) እንጂ ለዲቪዲ ፕላስ አር (DVD+R) አይሠራም። ሁለተኛ፣ የሚፈትነው የዳታውን መንገድ ነው። ጽሑፉ ይነበባል ወይ የሚለውን አይነግራችሁም። ተጠፍቶ ደግሞ በሚጻፈው በአርደብሊው (RW) ዲስክ ለክቶ ውጤቱን አንዴ ብቻ ለሚጻፈው ለአር ዲስክ ማዋልም አይሆንም፤ አርደብሊው በተፈጥሮው ቀርፋፋ ነው።

ፈጣኑ ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም ብዙ ሰው አስለቅሷል። በጣሪያው ፍጥነት ተጽፎ ኮምፒውተሩ ላይ የሚከፈት ዲስክ የደንበኛው አሮጌ ዴክ ላይ ይንተባተባል። በተቃራኒው «ቀስ ካለ ይጠራል» ብሎ የዛሬውን 16 ኤክስ ዲስክ በሚገኘው ዝቅተኛ ፍጥነት መጻፍም አይረዳም፤ ለዚያ ፍጥነት አልተሠራም። እኔ ለሰርግ 8 ኤክስ እመርጣለሁ። ከ16 ጋር ያለው ልዩነት በአንድ ዲስክ ሁለት ሦስት ደቂቃ ነው።

ማረጋገጫውን ከሒሳብ መተው የእኔ የዚያን ቀን ስህተት ነበር። ቬሪፋይ ሲደረግ ዲስኩ እንደገና ይነበባል። ጊዜው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ለደንበኛ የሚሰጥ ዲስክ ሳይረጋገጥ አይውጣ፤ ግን ደቂቃው ይቆጠር። የማለዳውን ቀዝቃዛ ራይተር ብቻ ለክታችሁም አታቁሙ። አሥር ዲስክ ከጻፈና ከጋለ በኋላም ለኩት።

የለካችሁትን ጻፉት። የዲስኩ ዓይነትና ኮድ፣ የመረጣችሁት ፍጥነት፣ ከመክፈት እስከ ቬሪፋይ የፈጀው ደቂቃ። የእኔ ደብተር ከመደርደሪያው ስር ነው። ሰው ሲያዝ ገልጬ አያለሁ። ባለፈው አንዲት እናት ለልጃቸው ምርቃት 20 ፍሬ ጠየቁኝ። ቆጠርኩና «እማማ፣ ዛሬ አይደርስም፤ ነገ 4 ሰዓት ይምጡ» አልኳቸው። 4 ሰዓት ሲመጡ ሃያውም ተደርድሮ ነበር።