ዋንዛው ለምን እንደሚቃጠል አገኘሁት

ሐዋሳ ያለችው ትንሿ እንጨት ቤታችን ውስጥ ያለው የጠረጴዛ መጋዝ ወር ሙሉ አናዶኛል። ዋንዛ ስሰነጥቅ ጠርዙ ይጠቁራል፣ ቤቱ በጭስ ይታጠናል። ዲስኩ ደንዟል ብዬ አዲስ ገዛሁ። ወይ ፍንክች! የሄደው ብሩ ብቻ ነው።

በመጨረሻ ሶኬቱን ነቅዬ መለካት ጀመርኩ። አንድ ጥርስ ላይ ምልክት አደረግኩ። ጠረጴዛው ላይ ካለው፣ ከዲስኩ ጋር ትይዩ መሆን ካለበት ቦይ እስከዚያ ጥርስ ያለውን ርቀት ከፊት በኩል ለካሁ። ከዚያ ዲስኩን በእጄ አዙሬ ያንኑ ጥርስ ከኋላ በኩል ለካሁት። ሌላ ጥርስ ከሆነ ግን ዲስኩ ትንሽ ቢጣመም ያሳስታል። ልዩነቱ 1 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ለካ ዲስኩ ከኋላ እንጨቱን እየፋቀው ነበር!

ከስር ያሉትን ቡሎኖች አላልቼ፣ በጎማ መዶሻ መታ መታ እያደረግኩ አስተካከልኩ። ሲጠብቅ ደግሞ ይንሸራተታል፤ ሦስቴ ደገምኩት። እንጨቱን የምናስደግፍበትን ብረትም ከቦዩ ጋር ትይዩ አደረግኩ።

አሮጌውን ዲስክ በሙቅ ውሃና በሳሙና ዘፍዝፌ የተጣበቀበትን የጽድ ሙጫ አስለቀቅኩና መልሼ ገጠምኩት። ዋንዛው አሁን ሳይጠቁር ይሰነጠቃል። አዲሱ ዲስክ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።